የኩፐርስታውን ሁለት ሚዛን

በኒውዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ የአሜሪካ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ይገኛል። በጁላይ 2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዳራሹ የነሐስ ሰሌዳ ሰቅሎ ካከበራቸው ሰዎች አንዱ ባድ ሴሊግ ነበሩ። ሴሊግ ከ1992 እስከ 2015 መባቻ የአሜሪካን ዋና የቤዝቦል ሊግ በኮሚሽነርነት በበላይነት የመሩ፣ ስቴሮይድ በተጫዋቾች ዘንድ በተሠራጨበት ዘመን ሁሉ ወንበሩ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2022፣ በሊጉ ታሪክ ከማንም በላይ ሆም ረን የመታው ባሪ ቦንድስ ለ10ኛና ለመጨረሻ ጊዜ ለቤዝቦል ጸሐፊዎች ድምፅ ቀርቦ ሳይመረጥ ቀረ። ከ394 ድምፅ ሰጪዎች 260ዎቹ ሲደግፉት ለመግባት 36 ድምፅ ጎደለው። እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ለየብቻ ሲታዩ እያንዳንዳቸው መከላከያ ክርክር አያጡም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ፍርድ ይጣመማል። የአንድ ዘመን ጥፋት የብዙ ሰዎች የጋራ ሥራ ሆኖ ሳለ አለቃውን ሸልሞ ተጫዋቹን ብቻ መቅጣት ፍትሕ አይደለም። የዝና አዳራሹ የምርመራ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የተጫወቱትን የስቴሮይድ ዘመን ታላላቆች በሥራቸው መዝኖ ማስገባት፣ ያደረጉትንም በሰሌዳቸው ላይ ሳይሸሽግ መጻፍ ይገባዋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ለምን እንደምል ለማስረዳት ግን የአዳራሹንም የዘመኑንም ታሪክ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የዝና አዳራሹ በሩን የከፈተው በ1939 ነው። ኩፐርስታውን የተመረጠችው አብነር ደብልዴይ የተባለ የጦር መኮንን በ1839 ቤዝቦልን የፈጠረው እዚያ ነው በሚል ትረካ ሲሆን፣ ደብልዴይ በዚያ ዓመት በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት እንደነበረና ታሪኩ መሠረት እንደሌለው የዘርፉ ተመራማሪዎች ካረጋገጡ ቆይቷል። ተረት ላይ የተመሠረተው አዳራሽ ግን ለስፖርቱ ከየትኛውም ሽልማት የላቀ ክብር ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ተመራጮች፣ ታይ ኮብ፣ ቤብ ሩት፣ ሆነስ ዋግነር፣ ክሪስቲ ማቲውሰንና ዋልተር ጆንሰን፣ በ1936 ተለዩ። አንድ ተጫዋች ለመታጨት ቢያንስ 10 የውድድር ዘመን መጫወትና ጨዋታ ካቆመ 5 ዓመት መሙላት አለበት። መራጮቹ የአሜሪካ ቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር የረጅም ጊዜ አባላት ሲሆኑ፣ ከድምፁ 75 በመቶ ያላገኘ አይገባም። ለመራጮቹ የተሰጠው መመሪያ ከተጫዋቹ ውጤትና ችሎታ በተጨማሪ ሐቀኝነቱን፣ ስፖርታዊ ጨዋነቱንና ባሕርዩን እንዲመዝኑ ያዛል። ቦንድስንና መሰሎቹን ከደጅ ያስቀረው ይኸው ድንጋጌ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ አዳራሹ ይህን ድንጋጌ እስከዛሬ እንዴት ሲሠራበት ኖረ የሚለው ነው።

መልሱ አዳራሹን አያኮራም። በ1939 ከገቡት አንዱ ካፕ አንሰን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቺካጎ ኮከብ የነበረው አንሰን ጥቁር ተጫዋች ካለበት ቡድን ጋር አልጫወትም በማለቱ የታወቀ፣ በስፖርቱ ውስጥ የዘር አጥር እንዲቆም ከረዱት ሰዎች አንዱ ነው። በ1944 የተመረጡት የመጀመሪያው ኮሚሽነር ኬንሶ ማውንቴን ላንዲስ በ1919 የዓለም ሲሪየስ (የሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ) በጉቦ ተሸንፈዋል የተባሉትን የቺካጎ ተጫዋቾች ዕድሜ ልክ ያገዱ ጽኑ ሰው ነበሩ። ሆኖም ከ1920 እስከ ሞቱበት 1944 ድረስ በሥልጣን ላይ በቆዩበት ጊዜ አንድም ጥቁር ተጫዋች በዋናው ሊግ አልተሰለፈም። ጃኪ ሮቢንሰን ያን አጥር የሰበረው በ1947 ነው። በሜዳ ላይ ማጭበርበርንም በተመለከተ፣ ኳስን በምራቅ ወይም በቅባት አለስልሶ መወርወር ከ1920 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን፣ ጌይሎርድ ፔሪ ይህን ማድረጉን ገና ተጫዋች ሳለ በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ተናግሮ በ1991 አዳራሹ ገብቷል። ድካም የሚያስረሳውና ንቃት የሚሰጠው አምፌታሚን ደግሞ ሊጉ በ2006 ምርመራ እስኪጀምርበት ድረስ ለአሥርተ ዓመታት በመልበሻ ክፍሎች ሲዞር የኖረ ክኒን ነው። ይህን ሁሉ የማነሣው የትናንቱ በደል የዛሬውን ያጸድቃል ለማለት አይደለም። የባሕርይ ድንጋጌው ለአሥርተ ዓመታት በጽሑፍ እንጂ በተግባር መመዘኛ እንዳልነበረ፣ አዳራሹም የቅዱሳን ማኅደር ሳይሆን የስፖርቱ ታሪክ መዝገብ ሆኖ እንደኖረ ለማሳየት ነው።

ወደ ስቴሮይድ ዘመን ስንመጣ ነገሩ የሚጀምረው ሕግ ነበር ወይስ አልነበረም ከሚለው ነው። ስቴሮይድ የወንዴውን ሆርሞን ቴስቶስትሮን የሚመስል ሰው ሠራሽ ቅመም ነው። ጡንቻ እንዲያዳብርና ከልምምድ ድካም ቶሎ እንዲያገግም ይረዳል፤ በአንጻሩ ጉበትንና ልብን ይጎዳል፣ የሰውነትን የሆርሞን ሚዛን ያዛባል። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ መያዝን ወንጀል አደረገ። በጁን 1991 የያኔው ኮሚሽነር ፌይ ቪንሰንት ለክለቦች በላኩት ደብዳቤ ሕገ ወጥ ዕፆች ሁሉ፣ ስቴሮይድን ጨምሮ፣ በሊጉ የተከለከሉ መሆናቸውን አሳወቁ። ደብዳቤው ግን ምርመራ አልነበረውም። ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር የተደረሰ ስምምነት ስላልነበረ ማንንም ደም ወይም ሽንት ስጥ ማለት አይቻልም ነበር። የክለብ ባለቤቶች በ1994 ድርድር ላይ ምርመራ ይኑር ብለው ሐሳብ ማቅረባቸው እውነት ነው፤ ማኅበሩ የተጫዋቾችን የግል ሕይወት ይነካል ብሎ መቃወሙም እውነት ነው። ነገር ግን የዚያ ድርድር ዋና ጠብ የደመወዝ ጣሪያ ነበር። በኦገስት 1994 ሥራ ማቆም አድማ ተመታ፤ የዓለም ሲሪየስ ከ1904 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረ፤ ውዝግቡ በ1995 ጸደይ ሲረግብ የምርመራው ሐሳብ ተረስቶ ቀረ። ባለቤቶቹ ለገንዘብ ሲሉ የዓለም ሲሪየስን እስከማጣት የደረሱትን ያህል ለስቴሮይድ ምርመራ አልታገሉም።

ከአድማው በኋላ ተመልካች ቅር ተሰኝቶ ነበር። በ1995 የአንድ ጨዋታ አማካይ ተመልካች ከአድማው በፊት ከነበረው 20 በመቶ ያህል ወረደ። ሕዝቡን የመለሰው የ1998ቱ የሆም ረን ፉክክር ነው። ሆም ረን ማለት መቺው የተወረወረለትን ኳስ ከሜዳው አጥር በላይ አሻግሮ፣ አራቱን ማዕዘን ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት ነው። በአንድ የውድድር ዘመን 61 ሆም ረን በመምታት ሮጀር ማሪስ በ1961 ያስመዘገበው ክብረ ወሰን ለ37 ዓመት ሳይደፈር ኖሯል። በ1998 የሴንት ሉዊሱ ማርክ ማግዋየር 70፣ የቺካጎው ሳሚ ሶሳ 66 መቱ። ማግዋየር 62ኛውን በመታበት ሌሊት የማሪስ ልጆችም ኮሚሽነር ሴሊግም ስታዲየም ተገኝተው ነበር፤ አገሩ ሁሉ በደስታ ተናወጠ። ሆኖም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ፣ የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኛ ስቲቭ ዊልስቲን በማግዋየር ቁም ሣጥን ውስጥ አንድሮስተንዳዮን የተባለ ቅመም ጠርሙስ ማየቱን ጽፎ ነበር። ቅመሙ ያኔ በአሜሪካ ሱቆች ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ፣ በሊጉ ያልተከለከለ፣ በኦሊምፒክ ግን የታገደ ነበር። ዜናው ሊጉን ሊያነቃ ይገባ ነበር። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ቁጣው ያረፈው በጋዜጠኛው ላይ ነበር፤ የማግዋየር አሠልጣኝ ቶኒ ላ ሩሳም ተጫዋቹን ተከላከሉ። የሰውነቱ መግዘፍና የኳሱ ርቀት ለሁሉም ይታይ ነበር፤ ጥያቄ ያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሊጉ ተመልካቹን አገኘ፤ ቴሌቪዥን ትርፉን አገኘ፤ ጋዜጦች ጣፋጭ ዜና አገኙ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፍጥነቱ አስደናቂ ነው። በ2001 ቦንድስ 73 ሆም ረን መትቶ የማግዋየርን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2002 ኬን ካሚኒቲ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች በተባለበት በ1996 ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር ለስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት ተናገረ። በዚያው ዓመት ማኅበሩና ሊጉ ተስማምተው በ2003 ስም የማይገለጽበትና ቅጣት የሌለው የናሙና ጥናት ተካሄደ፤ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተጫዋቾች ቅመም ተገኘባቸው፤ በስምምነቱ መሠረት ከ2004 ጀምሮ መደበኛ ምርመራ ተጀመረ። በሴፕቴምበር 2003 የፌዴራል መርማሪዎች በካሊፎርኒያ ለስፖርተኞች ስቴሮይድ ያቀርባል የተባለውን ባልኮ የሚባል ቤተ ሙከራ በረበሩ። በማርች 2005 የተወካዮች ምክር ቤት ተጫዋቾችንና ባለሥልጣናትን ጠርቶ አስመሰከረ፤ ልጆቻቸው ስቴሮይድ ከወሰዱ በኋላ ራሳቸውን ያጠፉባቸው ወላጆችም ሐዘናቸውን አሰሙ። ማግዋየር ስላለፈው ለመናገር እንዳልመጣ ተናግሮ ዝም አለ፤ ጥፋቱን ያመነው በ2010 ነው። ራፋኤል ፓልሜሮ ጣቱን ቀስሮ ፈጽሞ አልወሰድኩም አለ፤ በዚያው ዓመት በምርመራ ተገኘበት። በዲሴምበር 2007 የቀድሞው ሴናተር ጆርጅ ሚቼል ያቀረቡት ዘገባ 89 ተጫዋቾችን በስም ጠቀሰ። ዘገባው ከስሞቹ ይልቅ በሁለት ነጥቦች ሊታወስ ይገባው ነበር። አንደኛ፣ ኃላፊነቱ የኮሚሽነሮች፣ የክለብ ባለሥልጣናት፣ የተጫዋቾች ማኅበርና የተጫዋቾች ሁሉ ነው ብሎ ደመደመ። ሁለተኛ፣ እጅግ ከባድ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ኮሚሽነሩ ባለፈው ድርጊት ተጫዋቾችን እንዳይቀጡና ስፖርቱ ወደፊት እንዲመለከት መከረ። በ2008 ሊጉና ማኅበሩ በዚሁ መንፈስ ተስማምተው በዘገባው የተጠቀሱት ተጫዋቾች ሳይቀጡ ታለፉ።

እንግዲህ ሊጉ ራሱ ያልቀጣውን የቀጡት ድምፅ ሰጪ ጸሐፊዎች ናቸው። በ2013 ቦንድስና ታላቁ ወርዋሪ ሮጀር ክሌመንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታጩ አንዱ 36.2፣ ሌላው 37.6 በመቶ ብቻ አገኙ። ቦንድስ 762 ሆም ረንና 7 ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ክሌመንስ 354 ድልና 7 ጊዜ የምርጥ ወርዋሪ ሽልማት ይዘው ነው እንዲህ የሆኑት። ሁለቱም ሆን ብለው ስቴሮይድ መውሰዳቸውን አላመኑም። ቦንድስ ላይ የተላለፈው ፍትሕን የማደናቀፍ የጥፋተኝነት ፍርድ በ2015 በይግባኝ ተሽሯል፤ ክሌመንስ ለኮንግረስ ዋሽተሃል ከሚለው ክስ በ2012 በነጻ ተለቅቋል። እኔ እዚህ ንጹሓን ናቸው እያልኩ አልከራከርም፤ የሚቀርብባቸው ማስረጃ ብዙ ሰው እንዳሳመነ አውቃለሁ። ክርክሬ የከፋውን ግምት ወስደንም፣ ማለትም ወስደዋል ብለንም፣ የሚቆም ነው። ቦንድስ ቅመም መጠቀም ጀመረ ከሚባልበት ከ1998 መጨረሻ በፊት 411 ሆም ረን መትቶ ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተብሎ ነበር። ክሌመንስ በ1996 ቦስተንን ሲለቅ 192 ድልና 3 የምርጥ ወርዋሪ ሽልማት በእጁ ነበረ። አዳራሹ ለመግባት ከዚያ ያነሰ ሥራ የበቃቸው ብዙዎች ናቸው።

የውሳኔዎቹ አለመጣጣም የሚገለጠው ከእነሱ ጎን የገቡትን ስናይ ነው። ላ ሩሳ፣ ማግዋየርን በኦክላንድም በሴንት ሉዊስም ያሠለጠኑት፣ በ2014 ገቡ። ሴሊግን የመረጠው፣ አሠልጣኞችን፣ ባለሥልጣናትንና በጸሐፊዎች ያልተመረጡ ተጫዋቾችን የሚመዝን ኮሚቴ 16 አባላት ነበሩት፤ 15ቱ ደገፏቸው። ዴቪድ ኦርቲዝ በ2003ቱ ስም የለሽ ምርመራ ስሙ እንደነበረ በ2009 የኒውዮርክ ታይምስ ዘገባ ቢወጣም፣ ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ የዚያ ምርመራ ውጤቶች አንዳንዶቹ አከራካሪ እንደነበሩ በ2016 ስለተናገሩለት፣ በ2022 በመጀመሪያ ዕጩነቱ በ77.9 በመቶ ተመረጠ። ቦንድስና ክሌመንስ የቀሩት በዚያው ድምፅ አሰጣጥ ነው። ለኦርቲዝ የተሰጠው የጥርጣሬ ጥቅም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄዬ ለምን ለእሱ ብቻ ሆነ ነው። ከአንድ ማዕድ አብረው በልተው ሲያበቁ አንዱን ብቻ ሌባ ብሎ ማስወጣት ማዕዱን አያነጻውም። ሴሊግ በ1998 ማግዋየርን አከበሩ፤ በ2007 ቦንድስ የሃንክ አሮንን የ755 ሆም ረን ክብረ ወሰን ሲስተካከል ግን እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ። በሁለቱ ቀናት መካከል የተለወጠው የተጫዋቾቹ ድርጊት አይደለም። የተለወጠው ሕዝቡ የሚያውቀው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ብርቱ ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ ማጭበርበር ማጭበርበር ነው፤ ምርመራ መኖር አለመኖሩ የድርጊቱን ምንነት አይለውጥም፤ የአገሪቱም ሕግ የቪንሰንትም ደብዳቤ ከልክለውታል። ይህ እውነት ስለሆነ በቀላሉ አይታለፍም። ድርጊቱ ስሕተት ነበር። ነገር ግን ድርጊት ስሕተት መሆኑና ቅጣቱ ምን ይሁን የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ቅጣት አስቀድሞ የተነገረ፣ ለሁሉ እኩል የሚፈጸም፣ ተከሳሽ ሊከላከልበት የሚችል መሆን አለበት። በአትሌቲክስ ይህ እንዴት እንደሚሠራ የኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ ምሳሌ አለው። በ2008 የቤይጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባ ወርቅ፣ ለቱርክ የሮጠችው የኢትዮጵያ ተወላጅ ኤልቫን አቤይለጌሴ ብር፣ መሠረት ደፋር ነሐስ አገኙ። ኋላ ከ2007ቱ የኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና የተቀመጠ የኤልቫን ናሙና ዳግም ተመርምሮ ስቴሮይድ ስለተገኘበት ውጤቷ ተሰረዘ፤ መሠረትም ወደ ብር ከፍ አለች። እዚያ ሕጉ አስቀድሞ ነበር፤ ናሙናው ተጠብቋል፤ ቅጣቱም ተበዳይዋን ክሷል። የ1990ዎቹ ቤዝቦል ከእነዚህ አንዱንም አልነበረውም። ናሙና ስለሌለ ማን እንደወሰደ ማን እንዳልወሰደ ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ የተያዙት ዝነኞቹ፣ ጠላት የበዛባቸው፣ ወይም አቅራቢያቸው ለመርማሪ የተናገረባቸው ናቸው። ስሙ ያልተነሣ ተጠቃሚ ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚሰጥ ቅጣት ዕድል እንጂ ፍርድ አይሆንም።

ከዚህ ሐሳብ መሥመሩ የት ላይ መሰመር እንዳለበትም ይወጣል። ሕግና ምርመራ ከመጣ በኋላ የጣሰ ሰው የሚያቀርበው ምክንያት የለም። ፓልሜሮ በ2005 ተገኘበት። ማኒ ራሚሬዝ በ2009 ታግዶ በ2011 እንደገና ተገኘበት። አሌክስ ሮድሪጌዝ 696 ሆም ረን ቢኖረውም የ2014ን የውድድር ዘመን በሙሉ በእገዳ አሳልፏል። እነዚህ ተጫዋቾች ማኅበራቸው የፈረመውን ስምምነት፣ ቁጥሩና ቅጣቱ የታወቀውን ሕግ ነው የጣሱት። እነሱን ማስቀረት የሚገባ ነው። መሥመሩ እዚህ ሲሰመር ድምፅ ሰጪው የሰውን ልብ ከመመርመር ይድናል፤ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሊጉ ራሱ በታወቀ ሕግ ጥፋተኛ ብሎታልን? መሥመሩ ጭካኔ አለበት የሚሉ ይኖራሉ፤ ከዓመት በፊት ያደረገው ይታለፋል፣ ከዓመት በኋላ ያደረገው ይቀጣል። ይህ ግን የማንኛውም ሕግ ጠባይ ነው። ሕግ የሚጀምርበት ቀን ከሌለው ሕግ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚናገረው ስለ ንጹሖቹ ነው። ቅመም ያልወሰዱ ተጫዋቾች ቦታቸውን፣ ደመወዛቸውንና ዝናቸውን ተነጥቀዋል። ፍሬድ ማግሪፍ በ2004 ጨዋታ ሲያቆም 493 ሆም ረን ነበረው፤ ስሙ ከስቴሮይድ ጋር ተያይዞ አያውቅም። ቁጥሩ ከተነፉት ቁጥሮች ጎን ሲቆም ትንሽ መሰለ፤ 10 ዓመት ሙሉ ታጭቶ ከ40 በመቶ በላይ አላገኘም። ፍራንክ ቶማስ 521 ሆም ረን መትቶ፣ ገና በጨዋታ ላይ እያለ ምርመራ ይኑር እያለ የተናገረ ሰው ነው። ራሱ የአዳራሹ አባል የነበረው ጆ ሞርጋን በ2017 ለድምፅ ሰጪዎች በጻፈው ደብዳቤ ስቴሮይድ የወሰዱ እንዳይገቡ የለመነው ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ክብር ነው። ይህን ደብዳቤ አንብቦ የማይነካ ልብ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን የማግሪፍ ታሪክ ራሱ መፍትሔውን ያሳያል። ቶማስ በ2014 በመጀመሪያ ዕጩነቱ ገባ፤ ማግሪፍም በዲሴምበር 2022 በ16 አባላት ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። በዚያው ቀን ያው ኮሚቴ ለቦንድስና ለክሌመንስ ከ4 ያነሰ ድምፅ ሰጠ። ማግሪፍን የካሰው የራሱ መመረጥ ነው፤ የቦንድስ መቅረት አንድም ሆም ረን አልጨመረለትም። የተበደለው የሚካሰው የሥራው ዋጋ ከነዘመኑ ሲታወቅለት፣ ቁጥሩ ለምን ትንሽ እንደመሰለ ታሪኩ በግልጽ ሲጻፍለት ነው። በደሉን ፈጸሙ የሚባሉትን ከመዝገብ ማስወጣት ግን የማግሪፍን ታሪክም ያጨልማል፤ ከማን ጋር እንደተፎካከረ የማይነገርለት ሰው ንጽሕናውም አይታይለትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ወጣቶች ነው፤ እነሱን ማክበር ለልጆች መጥፎ ትምህርት ይሆናል ይላል። በ2005 በምክር ቤቱ ፊት የቆሙትን ወላጆች ያስታወሰ ሰው ይህን ጭንቀት ሊንቅ አይችልም። ሆኖም ልጆችን ከቅመም የሚጠብቀው ምርመራ፣ ትምህርትና ሁልጊዜ የሚፈጸም ቅጣት ነው። ሊጉ ቅጣቱን ከ2005 ጀምሮ ደጋግሞ አጥብቋል፤ ከ2014 ወዲህ ለመጀመሪያ ጥፋት 80 ጨዋታ፣ ለሁለተኛው 162፣ ለሦስተኛው ዕድሜ ልክ ነው። ልጁ የሚፈራው ይህን ነው እንጂ አያቱ ያዩትን ተጫዋች የነሐስ ሰሌዳ መኖር አለመኖር አይደለም። ለልጆች የሚጎዳው ትምህርት ሌላ ነው፤ ትልቁ ሰው ከጥፋቱ አትርፎ ሲከበር፣ ታናሹ ብቻውን ሲወቀስ ማየት። ከዚህ ጋር የሚሄድ አራተኛ ክርክርም አለ፦ ክብር የማንም መብት ስላልሆነ አዳራሹ ለፈለገው ይሰጣል፣ ለፈለገው ይከለክላል። እውነት ነው፤ ማንም በፍርድ ቤት ከሶ አዳራሹ አይገባም። ነገር ግን በፈቃድ የሚሰጥ ክብር ዋጋ የሚኖረው ሚዛኑ አንድ ሲሆን ነው። ሴሊግንና ላ ሩሳን ማስወጣት የሚል አማራጭ በተግባር የለም፤ አዳራሹ አንዴ ያስገባውን ሰው አስወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ ሚዛኑን ለማስተካከል የቀረው መንገድ በአንድ በኩል ብቻ ክፍት ነው።

በሩ ሲከፈት ግን ዝም ተብሎ መከፈት የለበትም፤ ዝምታ የዚያ ዘመን ዋናው ጥፋት ነበርና። አዳራሹ እውነትን በነሐስ ላይ መጻፍ እንደሚችል ራሱ አሳይቷል። ጃኪ ሮቢንሰን በ1962 ሲገባ ሰሌዳው የሜዳ ውጤቱን ብቻ ይዘረዝር ነበር፤ የዘር አጥሩን ስለመስበሩ አንድ ቃል አልነበረበትም። በ2008 ሰሌዳው ተለውጦ ያ ታላቅ ሥራው ተጻፈበት። የላንዲስን ስም ደግሞ ይኸው የጸሐፊዎች ማኅበር በ2020 ከምርጥ ተጫዋች ሽልማት ላይ አንሥቶታል፤ ሰሌዳቸው ግን እስካሁን በአዳራሹ አለ። ማክበርና ታሪክን ማረም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። ቦንድስ የአሮንን ክብረ ወሰን የሰበረባት 756ኛዋ ኳስ ሳትቀር፣ የገዛት ሰው በሕዝብ ድምፅ የኮከብ ምልክት አስቀርጾባት፣ በአዳራሹ ሙዚየም ትገኛለች። ሙዚየሙ ኳሷን ከነጥያቄዋ ከተቀበለ፣ አዳራሹ መቺውን ከነጥያቄው የማይቀበልበት ምክንያት አይታየኝም። የቦንድስ ሰሌዳ 762ቱንም፣ በዘመኑ ምርመራ እንዳልነበረም፣ ቅመም ተጠቅሟል የሚለውን የመንግሥት ምርመራና የእሱን ክህደትም ይጻፍበት። የማግዋየር ሰሌዳ፣ ከተመረጠ፣ የራሱን የ2010 ቃል ይያዝ። የሴሊግም ሰሌዳ ያው እውነት ይጨመርበት፤ ሊጉ ሀብት ያካበተው፣ ምርመራም ዘግይቶ የመጣው በእሳቸው ዘመን ነው። ቦንድስና ክሌመንስ በዚህ መልክ ቢገቡ ቀጣዩ ትውልድ የሚያነበው የጀግና ውዳሴ ብቻ አይሆንም፤ አንድ ሙሉ ተቋም እንዴት ዓይኑን እንደጨፈነና ዋጋውን ማን እንደከፈለም ያነባል። የጸሐፊዎቹ የ10 ዓመት እምቢታ ይህን አላስተማረም፤ ጥፋቱ የጥቂት ክፉ ሰዎች እንደነበረና እነሱም እንደተወገዱ አስመስሎ አለፈው። ቤዝቦል ለራሱ ታሪክ ያለበት ዕዳ ግን የሚከፈለው ሁሉም ድርሻው በስሙ ሥር ሲጻፍ ብቻ ነው፤ መዝገቡን የያዘውም አዳራሹ ስለሆነ ይህን የመጻፍ ግዴታ የእሱ ነው።